ለረጅም የእግር ጉዞ የሚሆነኝ የትኛው የውሻ ዝርያ ነው?

ጥያቄ፦ የቅዳሜ ተጓዥ

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እየሄድኩ በእግሬ መጓዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። የሚቀጥለው ግንቦት ላይ ደግሞ የአፓላቺያን ትሬል የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፍበትን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ድንኳን ተሸክሜ ልጨርሰው አስቤያለሁ።

ብቻዬን ስለምሄድ ውሻ ልይዝ ነው። እኔ ልቤ ሃስኪ ላይ ነው። ጓደኛዬ ጀርመን ሸፐርድ ያዢ ትለኛለች። ቤቴ አፓርታማ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሥራ ከ9 እስከ 5 ነው። አገር ቤት ግቢያችን ውስጥ ውሻ ነበረን፤ ቤት ውስጥ አብሮኝ የኖረ ግን የለም። ለገና ኢትዮጵያ ስሄድም ይዤው ሄጄ የባሌ ተራሮችን አብረን ብናይ ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አባ ቡኒ

እህቴ፣ ሃስኪውን ተዪው። ለሳይቤሪያ ብርድ የተፈጠረ፣ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ ነው። የቨርጂኒያን የሐምሌ ወበቅ ታውቂዋለሽ። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። አየሩ ራሱ እርጥብና ሞቃት ሲሆን ማለክለኩም ብዙ አይረዳውም። ሌላው ደግሞ ሃስኪ ሸርተቴ እንዲጎትት የተራባ ነው። አጋዘን ያየ ቀን አንቺንም ይጎትትሻል።

ቪዝላ የሚባል የሀንጋሪ አዳኝ ውሻ አለ። ፀጉሩ አጭር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይደክመውም። ለመንገዱ እንደሱ የሚመቸኝ የለም። ግን ብቸኝነት አይችልም። ስምንት ሰዓት ለብቻው ቤት ዘግተሽበት ከዋልሽ ይጨነቃል፣ ዕቃም ይበላል። ቦርደር ኮሊም እንደዚያው ነው፤ እሱ ደግሞ ጭንቅላቱም ሥራ ይፈልጋል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠውን፣ እነ ቡልዶግን፣ ከነጭራሹ አታስቢያቸው፤ ትንፋሻቸው ዳገት አይችልም።

የኔ ቡኒ የላብራዶር ድቅል ነው። ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አስሮጠዋለሁ፣ ከዚያ ማታ እስክመጣ ይተኛል። ላንቺ ኑሮ እንዲህ ያለው ይሻላል።

መልስ፦ የአሌክሳንድሪያዋ

ከዝርያው በፊት ክብደቱን አስቢ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው።

ውሻዬ የሸፐርድ ድቅል ነበር፣ 32 ኪሎ። አንድ ቀን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የፊት እግሩን መዳፍ ስለታም ድንጋይ ቀደደው። ስካርፌን ፈትቼ አሰርኩለት፣ ወዲያው በደም ራሰ። መኪናችን ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ስልክ አይሠራም። እኔና ባለቤቴ በዝናብ ጃኬት አዝለን እየተፈራረቅን አወረድነው፣ አራት ሰዓት ፈጀብን። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

አንቺ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ ልትሸከሚው የምትችይውን ውሻ ያዢ። መለኪያ ልንገርሽ፦ ባለ 25 ፓውንዱን ጤፍ ሁለት ከረጢት ትከሻሽ ላይ አድርገሽ የቤትሽን ደረጃ ውጪ። 23 ኪሎ ገደማ ነው። እሱን ከቻልሽ እስከዚያ ድረስ ያለ ውሻ ይሆንሻል። የተጎዳ ውሻ በጀርባ የሚታዘልበት ማንገቻ ይሸጣል፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔ አሁን ያለሱ አልወጣም።

የኪራይ ውልሽንም አንብቢ። ብዙ አፓርታማ የክብደትና የዝርያ ገደብ አለው፣ ጀርመን ሸፐርድን ለይቶ የሚከለክልም አለ።

መልስ፦ ክሊኒክ ነው የምሠራው

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕድሜውን ማንም አላነሳውም። የትልልቅ ውሾች አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው እስከ 18 ወር ድረስ ነው። ከዚያ በፊት ረጅም ዳገት ማስኬድ መገጣጠሚያቸውን ይጎዳል። ዛሬ ቡችላ ብትገዢ ለግንቦት አይደርስልሽም። ከውሾች መጠለያ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነውን ውሰጂ። መጀመሪያ በአደራ ወስደሽ ጥቂት ሳምንት የምታቆይበት አሠራርም አላቸው፣ ጠባዩን ታይበታለሽ። ሸፐርድ ካልሽ የዳሌ ችግር በዘር ይከተለዋል፤ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት ሳታዪ እንዳትገዢ።

እዚህ አካባቢ መዥገር ብዙ ነው፣ የላይም በሽታን ያስተላልፋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ በጣቶቹ መካከልና ከአንገት ማሰሪያው በታች በእጅሽ ዳስሺ። የመዥገር መከላከያ መድኃኒትና የሌፕቶስፓይሮሲስ (በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ በሽታ) ክትባት ሐኪሙን ጠይቂ። በመንገድ ላይ ድዱ ደማቅ ቀይ ከሆነና መንገዳገድ ከጀመረ ሙቀት መትቶታል፤ ጥላ ውስጥ አስገቢውና ገላውን በውኃ አርጥቢው፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ለእኛ ሐበሾች ደግሞ አንድ ነገር፦ የተረፈ ወጥ አትስጪው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከፍቅር ብዛት የተጎዱ ውሾች በዓል ባለፈ ቁጥር ይመጡልናል፣ ያሳዝኑኛል።

መልስ፦ አባ ቡኒ

ሕጉን ልጨምር። ሸናንዶዋ በአብዛኛው መንገድ ላይ ውሻ ይፈቅዳል፣ ማሰሪያው ግን ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም። ኦልድ ራግ ተራራ ክልክል ነው። ወደፊት ትሬሉን ከጆርጂያ እስከ ሜይን ልሂደው ካልሽ፣ ትሬሉ በግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ፓርክ በሚያልፍበትም ሆነ መጨረሻው ላይ ባለው የካታዲን ተራራ ውሻ አይፈቀድም። ውሻው ሌላ ቦታ ይቆይልሻል ማለት ነው።

መልስ፦ የባሌ ልጅ

እባክሽን ወደ ባሌ ውሻ ይዘሽ አትምጪ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ የቀሩትም ከ500 አይበልጡም ይባላል። የሚጨርሳቸው ደግሞ ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ያለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጃቸው። የተከተበ ውሻ ቢሆንም እንኳ የባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ቦታው አይደለም። አንቺ ነይ፣ ቀበሮዎቹን በጠዋት አይጥ ሲያድኑ ታያለሽ። ውሻሽ እዚያው ይጠብቅሽ። ወደ አሜሪካ ሲመለስም ከኢትዮጵያ የመጣ ውሻ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል።

ጠያቂዋ፦ የቅዳሜ ተጓዥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባሌውን አላሰብኩትም ነበር፣ ትቼዋለሁ። ትናንት ማታ ሁለቱን የጤፍ ከረጢት ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዴ አረፍኩ፣ ግን ደረስኩ። መጠለያ ውስጥ 21 ኪሎ የሆነች የላብራዶር ድቅል አለች፣ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ላያት ነው። ከስንት ኪሎ ሜትር ልጀምር?

መልስ፦ ክሊኒክ ነው የምሠራው

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰፈር ውስጥ ብቻ። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሽ። መዳፏ ከድንጋይ ጋር እስኪለማመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በየማታው ገልብጠሽ እዪው። ቦርሳ ለጊዜው አትጫኚባት። በኋላ ስትጀምሪ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ይበቃል፣ ሁለት ኪሎ ገደማ። የራሷን ምግብ ትይዛለች።