ከኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ለክፉ ቀን እንዴት ልዘጋጅ?

የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው። እኔ ቢሮ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ራይድ ታክሲ ይሠራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ሲያልፍ አንድ ቀን ዘይት ልገዛ ወረድኩ። ባለሱቁ ዘይቱ መደርደሪያው ላይ እያለ «ዛሬ አልሸጥም፣ ዋጋው አልታወቀም» አለኝ። ባዶ እጄን ደረጃውን ስወጣ እግሬ እምቢ አለኝ። ያን ቀን ልጆቼ የበሉት እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝን ሽሮ ነው፤ ያለ ዘይት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ደሞዝ ቢቀር ወይም መኪናው ቢቆም ቤት ባለው ስንት ቀን እንቆያለን ብዬ ቆጠርኩ። 9 ቀን። ጤፍ የምንገዛው በኪሎ ነው፤ ኩንታል አስገብተን አናውቅም።

መሬት የሌለው ሰው፣ በረንዳው ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ እንዴት ራሱን ይችላል? በረንዳው ላይ ዶሮ ላርባ አስቤ ነበር። ጎመንስ? ከየት ልጀምር?

ካሳንቺስ ያደገው

እህቴ፣ ዶሮውን ለጊዜው ተዪው። እኔ አራት ዶሮ ከ45 ቀን ጫጩት ጀምሬ አሳድጌያለሁ። መጣል የጀመሩት አምስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ነው፤ እስከዚያ መቀለብ ብቻ ነው። አንድ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። አራቱ በወር ከ13 ኪሎ ያልፋሉ። መኖው የሚሠራው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ስለሆነ እህል ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። ልትሸሺው ያሰብሽው ገበያ ተመልሶ ይይዝሻል ማለት ነው። የፈንግል ክትባት ካመለጣቸው ደግሞ ባንዴ ያልቃሉ። የእኔዎቹ ሦስቱ በአንድ ሳምንት አለቁ፣ በጣም አዘንኩ። ግቢ ያለው ሰው ያርባ። ፎቅ ላይ ግን ሽታው ከጎረቤት ያጣላል።

የጨርቆሷ እናት

ልጄ፣ ዘጠኝ ቀን ያልሽው ሆዴን አባባው። እኔ ጨርቆስ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነበር የምንወስደው። ያኔም መሬት አልነበረኝም። ያቆየን ወሩን ጠብቆ መግዛትና ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ነው።

ጤፍ አዲሱ ሲገባ ግዢ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ። ክረምት ላይ ለመግዛት አትጠብቂ። ለብቻሽ ኩንታል ካልቻልሽ ከጎረቤት ተካፈይ። እኛ ስድስት ሴቶች የጤፍ ዕቁብ ነበረን። ዕጣ የወጣላት እህል በረንዳ፣ መርካቶ ያለው የእህል ገበያ ሄዳ ኩንታሏን ታስገባለች። አንዷ የባሏ ደሞዝ ቆሞ ተቸግራ ሳለች ዕጣው ለሌላ ወጥቶ፣ ባለ ዕጣዋ «እሷ ትቅደም» ብላ ለቀቀችላት። ይህን ዛሬም ሳስበው ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ጤፉን በፍሬው አስቀምጪው፣ ዱቄቱ አይቆይም፤ በየወሩ የምትፈልጊውን ያህል ብቻ አስፈጪ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ሽምብራና ባቄላ ግን ይነቅዛሉ። እናቴ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ነበር የምታስቀምጠው። ጤፉ መሃል መሃሉን ሞልቶ ነቀዙን መተንፈሻ ያሳጣዋል፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ድርቆሽ ታውቂያለሽ? እንጀራ ሲተርፍ አታሳድሪው። በዚያው ቀን ቆራርሰሽ ሰፌድ ላይ ሳታነባብሪ ዘርጊው። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ማታ ማታ አስገቢው። አንዱን አንስተሽ ስትሰብሪው «ቀጭ» ካለ ደርሷል። ከታጠፈ ገና ነው፤ እርጥበት ይዞ ከተቀመጠ ከመሃል ይሻግትና ሌላውንም ያበላሻል። በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ስቀዪው፤ ለወራት ይቆያል። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበር የምሰቅለው። ከረጢቱ ሞልቶ ሳየው ልቤ ያርፍ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሶ አለ። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ በጥብጠሽ ለልጆቹ መስጠት ነው። ውሃም በፈረቃ ስለሆነ ሁለት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። እንዳይቆይብሽ በየጊዜው ለልብስ እያዋልሽ ቀይሪው።

አራት ኪሎ 4ኛ ፎቅ

ስለ ጎመኑ ብቻ ልጨምር። አፈር ከባድ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ይብሳል፤ በረንዳውን አታጨናንቂው። እኔ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ ግማሽ ሞልቼ ከግድግዳው አስጠግቻለሁ፤ አፈር፣ የበሰበሰ የበግ ፍግና ጥቂት ሬድ አሽ (ቀዩ ቀላል ጠጠር) ነው። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ይዟል። ከውጭ ከውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ ቅጠፊ፣ እምብርቱን አትንኪው፤ መልሶ ያወጣል። የአትክልት ማጠቢያውን ውሃ አጠጪበት። ቤተሰብ አይቀልብም። ግን በሳምንት አንድ ቀን የጎመን ወጪ የለብኝም።

የልደታዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዶሮውን ትቼዋለሁ። የጨርቆሷ እናቴ፣ መልስዎን ለአማቴ አነበብኩላቸው። እሳቸውም ሳይናገሩ ተነስተው ከአልጋ ሥር ሰፌዳቸውን አወጡ። ከመጡ ጀምሮ እዚያው ነበር፤ እኔ ቦታ ያጣበበ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ኮሙናሉ (የነዋሪው የጋራ ቤት) ጋ ሦስት ጎረቤቶቼን ስለ ጤፍ ዕቁቡ አነጋገርኳቸው። ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዷ ባሏን ልትጠይቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፦ የእኛ በረንዳ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ክረምት ላይ ድርቆሹን እንዴት ላድርገው?

የጨርቆሷ እናት

ጋግረሽ ስትጨርሺ ምጣዱን አጥፊውና ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ሲል ቁርጥራጩን ዘርጊበት። ክዳኑን ግን አትግጠሚው፣ እንፋሎቱ ይውጣ። በነጋታው ነፋስ በሚመታው መስኮት አጠገብ አድርጊው። አማትሽ ያውቁታል ልጄ፣ እሳቸውን ጠይቂያቸው።