ውሻዬን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ፈልጌ ነበር፤ የት ይሠራል?

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ነኝ፤ ጀርመን ሸፐርድ አለችኝ። የወደድኩት ወንድ ያለው ሐዋሳ ነው። ባለፈው ይዣት ሄጄ ነበር። ወንዱ ሲጠጋት ጥርሷን አውጥታ መሬት ላይ ቁጭ! ንቅንቅ የለም።

አሁን ሰው ሠራሽ ዘዴን እያሰብኩ ነው። በትኩስ ዘር ቢሆን ቀላል ነው፤ ተወስዶ ወዲያው በቱቦ ይገባል። በፍሪጅ ቅዝቃዜ የተያዘው ጥቂት ቀን ይቆያል። በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ ሆኖ የተቀመጠው ግን ከቀለጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ማህፀን ውስጥ መግባት አለበት። የውሻ እንቁላል ደግሞ ከወጣ በኋላ ለመብሰል ሁለት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኑን በግምት መምረጥ አይሆንም፤ የፕሮጄስትሮን (እንቁላሉ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሆርሞን) የደም ምርመራ የግድ ነው።

አንድ የላም አዳቃይ ጠይቄ «ለውሻ መሣሪያም ልምድም የለኝም» አለኝ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

የፕሮጄስትሮን ውጤት በዕለቱ የሚሰጥ ቦታ የምታውቁ አላችሁ? የሰው ላብራቶሪ የውሻ ደም ይቀበላል? ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅስ ይህን ይሠራ ይሆን? ዘሩን በበረዶ ሣጥን ከማምጣትና ወንዱን ራሱን ከማምጣት የቱ ይሻላል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በቀዶ ሕክምና ማስገባትን ግን አልፈልግም፤ ለቡችላ ብዬ ሆዷን አላስቀድድም።

ብልቷ ማበጥ ጀምሯል፤ የመዳቀያ ጊዜዋ እየቀረበ ነውና እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።