ልጅ ለመውለድ ለሚደረግ ህክምና ሀበሻ ሐኪም ልፈልግ ወይስ አስተርጓሚ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ አይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላሉንና ስፐርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ልጅ ለመውለድ የሚደረገውን ህክምና፣ ልንጀምር ነው። እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃኛል፣ ለሐኪም ግን አይሆንም። ባለቤቴ አስተረጉምልሻለሁ ይላል። ወይስ ሀበሻ ሐኪም ልፈልግ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር የልባችሁን ይሙላላችሁ። ሀበሻ ሐኪም ካገኘሽ እሰየው። ግን በዚህ ህክምና ሐኪሙን የምታይው አልፎ አልፎ ነው። ዋናው ነገር የሚያልቀው በስልክ ነው። መርፌ ከጀመርሽ በኋላ ጠዋት ደም ትሰጫለሽ፣ በአልትራሳውንድ ትታያለሽ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ትደውልና «ጎናል ኤፉን ከ150 ወደ 225 ከፍ አድርጊ፣ ዛሬ ማታ ሴትሮታይድ ጀምሪ፣ ከነገ ወዲያ ነይ» ትልሻለች። ጎናል ኤፍ እንቁላል የሚያሳድገው መርፌ ነው፤ ሴትሮታይድ ደግሞ እንቁላሉ ቀድሞ እንዳይወጣ የሚያግደው። ስራ ላይ ሆነሽ ካላነሳሽ በዚያ ጥድፊያ እንግሊዝኛ መልእክት ትታልሽ ትዘጋለች። አስተርጓሚ የተያዘልሽ ለቀጠሮው እንጂ ለዚህ ስልክ አይደለም። ስለዚህ ገና ስትመዘገቢ «በስልክም አስተርጓሚ ይግባልኝ» ብለሽ ፋይልሽ ላይ አስጽፊ። የመድኃኒቱን መጠንም በፖርታሉ፣ ማለትም በክሊኒኩ የኢንተርኔት ገጽሽ ላይ፣ ይጻፉልሽ።

ባልሽ ግን አያስተርጉም። ሐኪሙ ስለ ቀድሞ እርግዝና፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ኢንፌክሽን መጠየቁ አይቀርም። ባል ፊት የማይወራ ነገር አለ። ለእሱም ቢሆን ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፤ የወንዱ ችግር ግን ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች ላይ ይገኛል። የአንዷ ጓደኛዬ ባል «ሁሉም ደህና ነው ይላል» ብሎ አስተረጎመላት። ከወራት በኋላ የስፐርሙን ቁጥር ራሷ ወረቀቱ ላይ አየችው። እስከዚያ ድረስ ስትወጋ የከረመችው እሷ ናት!

መልስ 2፦ ሀበሻ ነርስ ያለችበት ክሊኒክ ነበር የሄድነው። በጣም ደስ ይላል፣ ግን ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። እንቁላሉን የሚያበስለው የመጨረሻ መርፌ፣ ትሪገር የሚሉት፣ በደቂቃ ተቆርጦ ነው የሚሰጠው፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከዚያ 36 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነዋ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ምንም ብዥታ የለም። በአማርኛ ግን «ማታ 10 ሰዓት ተኩል» ሲባል በአሜሪካ ነው በሀበሻ? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ዘግይተሽ ከተወጋሽ እንቁላሉ ሳይበስል ሊወጣ ይችላል። እኔ «ፒኤም ነው ኤኤም?» ብዬ በጽሑፍ ካልላኩልኝ ስልኩን አልዘጋም ነበር። የመጨረሻ የወር አበባ ቀንም እንደዚያው፣ በፈረንጅ ቀን ተናገሪ።

መልስ 3፦ እኔ የህክምና አስተርጓሚ ነኝ። አንዳንዱ ሰው እኔን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። አልፈርድበትም፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ወይ ለቅሶ ቤት ልንገናኝ እንችላለን። እኛ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን፣ ካልተመቸሽ ግን የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው፣ ፊትሽን አያይም፣ እሱም በቁጥር ነው የሚጠራው። በፈረንጅ 2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ህግ፣ ኦባማኬር የሚሉት፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ልጅ ለመውለድ የሚረዱ የግል ክሊኒኮች ላይ ግን ይሄ ሁልጊዜ ላይሠራ ስለሚችል ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ጠይቂ።

ሀበሻ ሐኪምም ቢሆን ህክምናውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አገር ቤት የተማረውም ጭምር። አማርኛው መሀል ላይ ሲጠፋው «ምን ማለት ነው?» ማለት አትፈሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈቃድ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ እንዳትፈርሚ። ቀዝቅዘው የሚቀመጡት ጽንሶች ብትፋቱ ለማን ይሁኑ፣ አንዳችሁ ብትሞቱ ምን ይደረጉ የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ አለ። ተራ ቅጽ የሚመስለው ይሄ ነው። ተቀምጠን አንብበን ለመተርጎም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅብናል፤ ክሊኒኩ ለብቻው ቀጠሮ እንዲይዝለት ጠይቂ፣ ባልሽም አብሮ ይስማ።