ድብርቱ ሲመለስብኝ ልጆቼን እንዳልጎዳ ምን ዓይነት ድጋፍ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ለስድስት ዓመታት የሚመላለስ ድብርት እየታከምኩ ነው። መድኃኒቴን አላቋርጥም፣ ቀጠሮም አላሳልፍም፤ ሆኖም ሕመሙ ሊመለስ ሲል አስቀድሞ እንቅልፌ ይጠፋል። ሦስትና አራት ሌሊት ሳልተኛ ካለፈ ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ልብሱን ለመልበስ ሲዘገይ ወይም ታናሽ እኅቱ ስታለቅስ የሚነሣብኝን ቁጣ መግታት ያቅተኛል። ባለፈው ወር ልጄን መታሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዬ ስላልወረድኩ እኅቱን ቁርስ ያበላትም ያለበሳትም እሱ ነበር፤ ይህም ከመታሁት ባላነሰ ያሳዝነኛል። ሐኪሜ በየቀጠሮው ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቴና ራሴን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቀኛል፤ ስለ ልጆቼ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ብናገር ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ዝም ብያለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያው የምትሠሩ ካላችሁ፣ ለማን ምን ብዬ ልናገር?

መልስ 1፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የገለጹትን ዝምታ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ፤ እናቶች ይፈራሉ፣ እኛም እናስቀይማቸዋለን ብለን አንጠይቅም። አስቀድመው እንዲያውቁት የምፈልገው፣ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ወላጆች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን እንደማይበድሉ ነው። አደጋው ከፍ የሚለው ሕመሙ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከብቸኝነት፣ ከትዳር ጓደኛ ጥቃት፣ ከአልኮል ወይም ከኑሮ ጭንቀት ጋር ሲደራረብ ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ እርዳታ ሲገኝ የሚቀልሉ ናቸው።

ታካሚን ስለ ልጆቹ መጠየቅ ለባለሙያው በጎ ፈቃድ መተው የለበትም። ኖርዌይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች የታካሚዎቻቸውን ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ፍላጎት እንዲከታተሉ በሕግ ትጠይቃለች። በፊንላንድ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ቲቲ ሶላንታውስ «ስለ ልጆች እንነጋገር» የሚባል አጭር የምክክር ዘዴ ቀርጸዋል፤ በዚህ ዘዴ ወላጁና ባለሙያው የእያንዳንዱን ልጅ የቤትና የትምህርት ቤት ውሎ አብረው እየተመለከቱ ምኑ እንደ ጠነከረ፣ ምኑ እንደ ሳሳ ይለያሉ።

ለሐኪምዎ «እንቅልፍ ካጣሁ በሦስተኛው ቀን ልጄን ልመታ እችላለሁ፤ አንድ ጊዜም መትቼዋለሁ፤ እንዳይደገም እርዱኝ» ይበሉት። ልጅ ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ባለሙያው የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል ግን ልሸሽግዎ አልፈልግም፤ ስለዚህ ምን ቢነግሩት ለሌላ ወገን እንደሚያስተላልፍ በመጀመሪያ ይጠይቁት። እናት ራሷ ቀድማ እርዳታ መጠየቋ ለልጆቿ እንደምታስብ የሚያሳይ ነው፤ በሥራዬም እንደዚያ ነው የማየው።

መልስ 2፦ በታማሚ እናት እጅ ያደግሁ

እናቴ ስትታመም ቤታችን ውስጥ የሕመሙን ስም የሚጠራ አልነበረም። እኔ ግን እናቴ የተኛችው ስለረበሽኩ መስሎኝ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ በጣቶቼ ጫፍ መራመድ ለምጄ ነበር። በዱላ ከደረሰብኝ ይልቅ ዛሬም የሚከብደኝ ያ ጥፋተኝነት ነው። እባክዎን ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁት፤ ሕመም እንዳለብዎ፣ ያመጣውም እሱ እንዳልሆነ፣ ሊያድንዎም እንደማይጠበቅበት በሚገባው ቃል ይንገሩት። እኅቱን ስላበላት ያመስግኑት፤ ነገር ግን ይህ የአዋቂ ሰው ሥራ እንደሆነም ይስማ።

መልስ 3፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ

ነርሷ የጻፈችውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ንግግሩ ከሐኪም ቢሮ ካልወጣ በቂ አይሆንም። ድብርቱ በመድኃኒት ሲቀልል፣ በሕመሙ ወራት የተለመደው ጩኸት አብሮ ላይጠፋ ይችላል፤ ለዚህ የልጅ አስተዳደግ ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናዎቹ የሚያስተምሩት ከልጅ ጋር በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ልጁ በመረጠው ጨዋታ መጫወትን፣ መልካም ያደረገውን ለይቶ ማመስገንን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግን፣ ቁጣ ሲነሣም ሕፃኑን ደኅና ቦታ አስቀምጦ ፈቀቅ ማለትን ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ጉልበት ላለው ወላጅ የተዘጋጁ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሲያመኝ ክፍለ ጊዜ ቢያመልጠኝ ከሥልጠናው እሰረዛለሁ ወይ፣ ቤቴ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። በአሜሪካ ኤልማይራ ከተማ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዴቪድ ኦልድስ ጥናት፣ ነርሶች ቤት ለቤት እየሄዱ የጎበኟቸው እናቶች ዘንድ ከ15 ዓመት በኋላም የልጅ በደልና ቸልተኝነት ሪፖርት ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አእምሮ ሕመም ብቻ የተደረገ ባይሆንም፣ እርዳታው ወደ ቤት መምጣቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስረዳል።

ሌላው፣ ደኅና በሆኑበት ሰሞን የሚጻፍ የቀውስ ጊዜ ዕቅድ ነው፤ የመጀመሪያ ምልክቶችዎ፣ ልጆቹን የሚረከበው ሰው ስምና ስልክ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚነገረውና የማይነገረው ይስፈርበት። እርስዎን ባይመለከትም ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፦ ልጅን ጉዳ የሚል ድምፅ የሚሰማ ወይም ሕፃኑ ክፉ ነገር ነው የሚል እምነት ያደረበት ሰው፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ የሰጠችኝን ቃል በወረቀት ጽፌ ለሐሙስ ቀጠሮዬ ይዤዋለሁ። ትናንት ማታ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ሕመሙም ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው ሌላ ቀን ካልተነሣሽ ማንን ልጥራ?» አለኝ። የእኅቴን ስልክ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አብረን ጻፍን፤ እኅቴም ዛሬ ጠዋት ደውላ አነጋገረችው።