የአረንጓዴ ሥራ ሥልጠና በጀት፦ የአቃቂ ቃሊቲ የሠራተኛ ማኅበራት የጋራ ረቂቅ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሥልጠና በጀት የምንጠይቅበትን ረቂቅ አንብባችኋል ብዬ ልጀምር። የሚገባው ለሥራና ክህሎት ቢሮ ነው። በጀት ሰኔ ላይ ጸድቆ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግንቦት ላይ ይዘን ብንሄድ «ለከርሞ» ነው የሚሉን። «አረንጓዴ ሥራ»፣ ማለትም አካባቢን የማይበክል ሥራ፣ ብለን ጽፈናል እንጂ የትኛው ሙያ እንደሆነ አልጠቀስንም። እሱን ንገሩኝ።

የጋራዥ ሠራተኞች ተወካይ፦ ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። የቃሊቲ ልጆች ካንዴላና ፍሪሲዮን ሲቀይሩ ነው ያደጉት፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሁለቱም የለውም! ባትሪው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ሊሞት ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና አንደኛ ይግባ።

የጨርቃ ጨርቅ ሴቶች ጉዳይ ተወካይ፦ ይግባ፤ እሱ ብቻ ከሆነ ግን ከእኛ ፋብሪካ አንዲት ሴት አትሠለጥንም። እኛ ጋ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ነው። የማቅለሚያው ውኃ ሳይጣራ አቃቂ ወንዝ እንዳይገባ ኬሚካሉን የሚመጥን፣ ውኃውን የሚለካ፣ ዝቃጩን የሚያስወግድ ሰው ያስፈልጋል።

ወጣት አባል፦ ሶላርስ?

ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ የሚቀጥር ድርጅት ካገኘህ ነገ እጨምረዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ «ገንዘቡ በማኅበራቱ ሒሳብ ገቢ ይሁን» የሚለው ይውጣ። መንግሥት የራሱ ፖሊ ቴክኒክ እያለው ለእኛ የሚሰጥበት ምክንያት የለም፤ ቢሰጠንም ኦዲቱን አንችለውም። ለማሠልጠኛ ዕቃና ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና በቀጥታ ለፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ይመደብ። እኛ ሠልጣኝ እንምረጥ፣ በሥልጠናው ሰዓት ላይም ድምፅ ይኑረን።

የጨርቃ ጨርቅ ሴቶች ጉዳይ ተወካይ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ዋናው ሰዓቱ ነው። በፈረቃ የምትሠራ ሴት ቀን ተማሪ ከተባለች ደመወዟ ይቆረጣል። ማታ ከተባለች ልጇን ለማን ትታ፣ በምን ታክሲ ትመለስ? ነፃ ነው የተባለ ሥልጠና ሁሉ ወንበሩ ባዶ የሚቀረው በዚህ ነው። በፈረቃ ሰዓት ውስጥ፣ ደመወዝ ሳይነካ ይሁን።

የጋራዥ ሠራተኞች ተወካይ፦ ባለቤቶቹ እሺ ይላሉ? የእኔው አለቃ ለሻይ ዕረፍት እንኳ ሰዓት ይቆጥራል።

ገንዘብ ያዥ፦ በልመና አይሆንም፣ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈርመው ኅብረት ስምምነት ውስጥ ይግባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ ሲቀነስ አሠሪው ከማኅበሩ ጋር እንዲመካከር ያዛል፤ ለመቆየት ቅድሚያ ያለውም ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ነው። ዛሬ ያልሠለጠነ ነገ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው ማለት ነው። ለቢሮውም ይጠቅመናል፦ አሠሪው የሥልጠናውን ሰዓት ደመወዝ ከሸፈነ፣ ከመንግሥት የምንጠይቀው የዕቃና የምዘና ወጪ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንቢ ለማለት ይከብዳል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ሁለት ሙያ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገናና ፍሳሽ ማጣሪያ። ገንዘቡ ለኮሌጁ። የሰዓቱን አንቀጽ እህታችን ራሷ ትጻፈው፣ እኔ ከጻፍኩት ይለሰልሳል። ሌሎቻችሁ የኅብረት ስምምነታችሁን የሥልጠና አንቀጽ ፎቶ አንስታችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። የእኛው «እንደ አስፈላጊነቱ» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ የተሻለ ያለው ካለ ከእሱ እንቀዳለን።