«አርሜ አላውቅም» ያለው ገጣሚ

የእነዋሪው፦ ደብረ ብርሃን በነበረው የግጥም ምሽት አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ «ግጥም እንደመጣልኝ እጽፋለሁ፤ አንድም ቀን አርሜ አላውቅም» አለ። አዳራሹም አጨበጨበለት። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ካነበባቸው ግጥሞች ቤት የሚመታው ጥቂቱ ነው፤ ምጣኔውም በየስንኙ ይዛነፋል። ሰው ያንን ብርድ ችሎ የወጣው ረቂቅ ሊሰማ ነው?

መሐል ሜዳ፦ ይህ ምን ያናድዳል? ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ሙሾው ሁሉ እንደመጣ የተባለ ነው። በእኛ ቀበሌ ወንድሟን የቀበረች ሴት እንዲህ ብላ አወረደች፦

የመንዝ ተራራ ብርዱ ጠናብኝ፣
በርኖሴ ነበርክ ወዴት ሄድክብኝ።

ማን አረመላት?

የቀድሞ ቅኔ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ራስህ በጠራኸው ምስክር ተረታህ። ስንኙን ቁጠረው፤ አምስት ቀለም ከአምስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን የሚባለው ጥንቅቅ ያለ የግጥም ምት ነው። ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምራ በየለቅሶው የሰማችው ምት በጆሮዋ ስላለ ነው ሳትቆጥር የሰመረላት። ከግእዝ ቅኔ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ለዚያች ሁለት ቤት ተማሪው ከሰው ርቆ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ለመምህሩ ሲነግርም ይታረማል። በጉባኤ መካከል ቆሞ ቅኔ የሚዘርፈው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። አለመታረሙን እንደ ሙያ የሚቆጥር ተማሪ እኔ አላየሁም።

መሐል ሜዳ፦ ቅኔን እዚህ ምን አመጣው? ልጁ የጻፈው በአማርኛ ነው። እናንተ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ቅኔ ቤት ካላስገባችሁት አይሆንላችሁም።

ባለ ማሲንቆ፦ እኔ እንጀራዬ ነውና ልናገር። «ተቀበል» ሲሉኝ ወዲያው እቀበላለሁ። ግን እንግዳው የሰጠኝ ስንኝ ከዜማው ከረዘመ እንዳለ አላዜመውም፤ አንድ ቃል አወጣለሁ፣ ሌላውን አጥፌ አስገባለሁ። አድማጩ አያየውም እንጂ እርማቱ እዚያው አፌ ላይ ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦ ልጁ መድረክ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ቤት የማይመታ ግጥምም ግጥም ነው፤ ስሜቱ ደርሶኛል። «እንደመጣልኝ» ያለው ስለ መጀመሪያው ሐሳብ ይመስለኛል። እንዲህ እየተረባረባችሁ ነው ስንቱን ወጣት ከብዕሩ ያራቃችሁት።

የእነዋሪው፦ እህቴ፣ ያላለውን አትበይለት። «አርሜ አላውቅም» ነው ያለው፤ ሁላችንም ሰምተናል። ቤት ባይመታ ቅር አይለኝም፤ ያቃጠለኝ ግጥሙን መልሶ ባለማየቱ መኩራቱ ነው። በዕድሜው ማነስ የሚታለፍም አይደለም፤ የቅኔ ተማሪውም ልጅ ነው።

መሐል ሜዳ፦ እንደ እነዋሪው ያለ የጅሩ ሰው ሰንጋ ማድለብ ያውቃል፤ ሙሾና ግጥሙን ለእኛ ለመንዞች ቢተውልን ምን አለበት?

የእነዋሪው፦ ሰንጋውም ቢሆን እንደመጣለት አይደልብም! ደግሞስ ግጥምን ለመንዝ ብቻ ርስት አድርጎ የሰጠ ማን ነው?

ባለ ማሲንቆ፦ ተጉለትንም አትርሱ።

የቀድሞ ቅኔ ተማሪ፦ አገር ቆጠራውን ተዉትና ልጁን የምታውቁት ግጥሙን እዚህ አምጡልን። ስንኝ በስንኝ እንየው።

የደብረ ብርሃኗ፦ እንዲህ ለተሰለፈበት ሰው አሳልፌ አልሰጥም።

መሐል ሜዳ፦ ልክ ብለሻል። መጀመሪያ እነሱ የራሳቸውን ያምጡ፤ ያኔ እኛ እንቆጥርላቸዋለን።