የባልቲክ ሄሪንግ፦ ማጥመዱ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ከስቶክሆልም (ጥያቄውን ያነሣው)፦
ወገኖቼ፣ ስዊድን የምንኖር ሁሉ ይህን ዓሣ በየገበያው እናየዋለን። በባልቲክ ባሕር ያለው ሄሪንግ ከተመናመነ ቆይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በማዕከላዊው ባልቲክና በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ሄሪንግን ዒላማ አድርጎ ማጥመድ በ2024 እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች ግን ኮታውን ቀንሰው ለባሕረ ሰላጤው 55 ሺህ ቶን፣ ለማዕከላዊው 40 ሺህ ቶን ገደማ ፈቀዱ። እኔ ሚኒስትሮቹ ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ፣ የስዊድን መርከቦች ከሚያወጡት የባልቲክ ሄሪንግ አብዛኛው የሰው ማዕድ ላይ አለመድረሱ ነው። ተፈጭቶ ዱቄትና ዘይት ይሆንና ለእርባታ ሳልሞን መኖ ይውላል።

ከጎተንበርግ፦
ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ጨርሶ አይጠመድ አላለም፤ ሊጠመድ የሚችለውን መጠን አስቀምጧል። ሚኒስትሮቹም ያንኑ ይዘው ነው የወሰኑት። ስለ ማዕድ ካነሣህ ደግሞ በባልቲክ ሄሪንግ ውስጥ የሚገኘውን ዳዮክሲን የተባለ መርዝ አትርሳ። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የባልቲክን ሄሪንግ በዓመት ከ2 ወይም ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይበሉ ይመክራል። በፋብሪካ ግን ዘይቱ ከመርዙ ይጣራል። ሳልሞኑንስ ቢሆን የምንበላው እኛው አይደለንም?

ከዬቭሌ፦
ልጆቼ፣ እኔ የምኖረው በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው፤ በወጥ ቤት ሥራም ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ሄሪንጉ እዚህ ትንሽ ነው። ሆዱን በአውራ ጣት ሰንጥቀን አከርካሪውን ከጭንቅላቱ ጋር መዝዘን እናወጣለን፤ የሁለት ዓሣ ሥጋ በመካከላቸው እንስላል አድርገን እናጣብቅና ራይ በተባለው እህል ዱቄት ለውሰን በቅቤ እንጠብሳለን። ከድንች ጋር የሠራተኛው ሁሉ ምሳ ነበር። አሁን ዓሣውን የሚያመጡልን ሽማግሌ አጥማጅ መረባቸውን ጥለው የሚያነሡት የነዳጁን ዋጋ እንኳ የማይሸፍን ነው። የሚያዘውም ደቃቃ ሆኗል፤ በጨው አብላልተው በቆርቆሮ የሚያሽጉት ሰዎችም ለሥራቸው የሚሆን ዓሣ አጣን ይላሉ። ሄሪንግ እኮ በጸደይ ወደ ዳር መጥቶ በባሕር ሣር ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ትልልቆቹ መርከቦች ከዳር ሳይደርስ፣ ተሰብስቦ ሳለ በብርዱ ወራት ይጠርጉታል።

ከባሕር ዳር፦
እትዬ የተናገሩት ጣናን አስታወሰኝ። ባርበስ የሚባሉት ዓሦቻችን በክረምት ዝናብ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ቁጥራቸው ክፉኛ የቀነሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለመራባት የሚሰበሰብን ዓሣ መንገድ ላይ መጨረስ የትም አገር ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው።

ከጎተንበርግ፦
እትዬ፣ አክብሬዎታለሁ፤ ነገር ግን አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳስ? በዚያ ዳርቻ መረብ እየቀደደ ዓሣ የሚበላው እሱ ነው። ደግሞም እገዳ ሁልጊዜ አያድንም። በምሥራቃዊው ባልቲክ ኮድ የተባለውን ዓሣ ዒላማ ያደረገ ማጥመድ ከ2019 ጀምሮ ቆሟል፤ ኮዱ ግን እስካሁን አላገገመም።

ከስቶክሆልም፦
የኮዱ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እጅግ ዘግይቶ ነው የታገደው፤ በዚያ ላይ የባሕሩ ጥልቅ ክፍል ኦክሲጅን አጥቶበታል። በሰሜን ባሕር ግን የሄሪንግ ማጥመድ በ1977 ተዘግቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ዓሣው ተመልሶ ነበር። አቆስጣው ጉዳት የለውም አልልም፤ ግን የመረብ ቀዳዳ ሌላ፣ ጭነቱን ሙሉ ወደ ዱቄት ፋብሪካ የሚያራግፍ መርከብ ሌላ።

እትዬ ያነሧቸውን ሽማግሌ እንዲታገዱ አልጠይቅም። ስዊድን በ2009 ኮታው እንዲሸጥና እንዲለወጥ ከፈቀደች በኋላ ዓሣው በጥቂት ትልልቅ መርከቦች እጅ ገባ፤ ትንንሾቹ ወጡ። ስለዚህ እገዳው በትልልቆቹ ላይ ይሁን። ትልልቆቹ ጎታች መረቦች በአብዛኛው የሚከለከሉበት መስመር ከዳር 4 የባሕር ማይል ሆኖ ቆይቷል፤ ወደ 12 ይገፋ። ከኮታውም መጀመሪያ ለሰው ምግብ የሚያጠምደው ይውሰድ።

ከጎተንበርግ፦
በ12 ማይሉ እስማማለሁ፤ በዚህ ላይ አልከራከርህም። በሙሉ እገዳው ግን አሁንም አልስማማም። የመርከብ ሠራተኞቹ ደመወዝ ከየት ይምጣ? ይህን መልስልኝ።

ከዬቭሌ፦
እሱን እኔ ልመልስ። የእኛ ሽማግሌ ልጅ ትቶት የሄደው ሥራም ሥራ ነበር፤ ያኔ ማንም ስለ ደመወዙ አልጠየቀም።